በፕላኑ ላይ አረንጓዴ የተቀባ ቦታ ምን ይፈቀድበታል፣ ምንስ ይከለከልበታል?

ሜዳው አጠገብ (ጥያቄ አቅራቢ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ፣ ከወንዝ ዳር ባለው ሰፈራችን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ አዛውንቶች ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበት፣ ለቅሶ ሲሆን የዕድሩ ድንኳን የሚተከልበት አንድ ሜዳ አለ። ስፋቱ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ትንሽ ያንሳል። ባለፈው ግንቦት አንድ ማለዳ ስንነሣ ከወንዙ በኩል ያለው ሲሶው በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አሸዋና ድንጋይ ተራገፈበት። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስጠይቅ፣ ቦታው ለካፌና ለመኪና ማቆሚያ እንደተሰጠ፣ ይህም «አረንጓዴ ቦታ ላይ የሚፈቀድ አገልግሎት» እንደሆነ በቃል ተነገረኝ። የተፈቀደበትን ጽሑፍ ለማየት ደጋግሜ ብጠይቅም የሚያሳየኝ አላገኘሁም። በዓይኔ ያየሁት ነገር ቢኖር በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የአካባቢ ልማት ፕላን ሲሆን፣ በዚያ ላይ ሜዳችን በሙሉ አረንጓዴ ተቀብቷል።

አመጣጤ ለክስ ወይም ለወቀሳ አይደለም፤ ማወቅ የምፈልገው ነገር ስላለ ነው። ይህ አረንጓዴ ቀለም በሕግ ፊት ምን ማለት ነው? ካፌ ከተፈቀደበት ሆቴል የማይፈቀድበት ምክንያት ምንድን ነው? መስመሩ የት ላይ ነው የተሰመረው? ሜዳው በፕላን የተጠበቀ ነው ብለን ለዓመታት ተማምነን ኖረናል። አሁን ግን ያ መተማመናችን በቀለም ላይ ብቻ የቆመ እንዳይሆን ሰግቻለሁ።

የፕላን ባለሙያ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በጣም ወድጄዋለሁ፤ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ጥያቄ ነውና። በከተማ ፕላን ሥራ ረዘም ላለ ጊዜ ስለቆየሁ የማውቀውን ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ፣ በካርታ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት ቦታ አይደለም። የወንዝ ዳርቻ፣ የከተማ ደን፣ የሕዝብ መናፈሻ፣ የስፖርትና የመጫወቻ ሜዳ፣ የከተማ ግብርና፣ የመቃብር ስፍራም ሳይቀር በዚህ ቀለም ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። አንዱን ከሌላው የሚለየው የቀለሙ መድመቅና መፍዘዝ፣ በላዩ ያረፈው ሰረዝ ወይም ነጥብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሰጠው የአጠቃቀም ኮድ ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ፀሐይ የመታው ወረቀት ግን ይህን ሁሉ ልዩነት አጥፍቶ አንድ አረንጓዴ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ የሜዳውን ኮድ ማወቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ካርታው ብቻውን ፕላን አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንን፣ ማለትም የመላውን ከተማ ፕላን፣ ሲተረጉም ከማብራሪያ ጽሑፉ ጋር በሕግ አስገዳጅ የሆነ ፕላን ነው ይላል። ይህ «ከማብራሪያ ጽሑፉ ጋር» የሚለው ሐረግ ለእርስዎ ጉዳይ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የተፈቀደው፣ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቀደውና ጨርሶ የተከለከለው አገልግሎት የሚዘረዘረው በጽሑፉ ውስጥ ነውና። በመዋቅራዊ ፕላኑ ሥር ደግሞ ያንኑ በሰፈርና በብሎክ ደረጃ የሚያብራራው የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። ታችኛው የላይኛውን ሊያብራራ ይችላል፤ ሊቃረነው ግን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ካፌ መናፈሻ ውስጥ መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። በሙያችን ዋና አገልግሎትና ተጓዳኝ አገልግሎት እንላለን። መጸዳጃ ቤት፣ የጥበቃ ቤት፣ የአትክልተኛ መሣሪያ ማስቀመጫ፣ አነስተኛ ሻይ ቤት ዋናውን አገልግሎት ስለሚደግፉ ተጓዳኝ ናቸው። እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ ቀላል ነው፦ ወደ ካፌው የሚመጣው ሰው መናፈሻው ውስጥ ሊቆይ የመጣ ነው ወይስ ከመንገድ የተጠራ ደንበኛ ነው? መናፈሻው ባይኖርስ ካፌው በዚያው ቦታ ይከፈት ነበር? የሁለተኛው መልስ «አዎ» ከሆነ፣ የንግድ ቦታው ነው መናፈሻውን ተጓዳኝ ያደረገው።

የመኪና ማቆሚያው ግን ከካፌው ይበልጥ ያሳስበኛል። አንድ መኪና ከመግቢያ መውጫው ጋር ሲታሰብ ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ሃያ መኪና ለማቆም ከ500 እስከ 600 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ለሕፃናት የሚሆን ደህና መጫወቻ ነው። አፈሩ አንዴ በአስፋልት ወይም በኮብል ከተደፈነ በኋላ ውኃ አይመጥም፣ ሥርም አይሰድም።

ሜዳው የወንዝ ዳርቻ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ ከመዝናኛ አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደወሰደ እናስታውሳለን። ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ቀጭን ጅረት ሆኖ ስለሚታይ ዳርቻው ባዶ መሬት ይመስላል፤ የእርሱ ስፋት ግን የሚለካው በክረምቱ ነው።

የስድስት ኪሎ ልጅ

በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ሕጉ ሳይሆን ስላየሁት ልናገር።

ለከተማችን አረንጓዴ ቦታ ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የታላቋን ለንደን ፕላን ያዘጋጁትና ለንደንን በአረንጓዴ ቀለበት እንድትከበብ ያሰቡት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የአዲስ አበባንም መሪ ፕላን አዘጋጅተው ነበር። ከዚያ በኋላም ፕላን በፕላን ላይ ተተክቷል፤ አሁን ያለው 10ኛው መሪ ፕላን ይባላል። ከተማዋ ያጣችው ፕላንን አይመስለኝም። የጎደለው በአንዱ ፕላን አረንጓዴ የተባለው ቦታ በሚቀጥለውም አረንጓዴ ሆኖ እንዲገኝ የሚያስገድድ ነገር ነው።

ጃን ሜዳን ተመልከቱ። ያደግሁት አጠገቡ ነው። ጥምቀት ታቦታቱ የሚያድሩበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ አትሌቶች የሚሮጡበት፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ኳስ የለመደበት ሜዳ ነው። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ኮሮና ሲገባ፣ መጨናነቅን ለመቀነስ ተብሎ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ የሕይወት ጉዳይ ስለነበረ አልተቃወምኩም፤ ዛሬም አልቃወምም። ነገር ግን የሰበሰ ጎመንና ቲማቲም ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ሜዳውን ምን እንዳደረገው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ለ2013ቱ ጥምቀት እስኪጸዳ ድረስም ብዙ ጭንቀት ነበረብን። ከዚያ የተማርኩት ነገር አለ። ጊዜያዊ አገልግሎት ሲፈቀድ የሚያበቃበት ቀን፣ ቦታውን ወደ ነበረበት የመመለስ ግዴታና ወጪውን የሚሸፍነው አካል ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ መቀመጥ አለባቸው። ጃን ሜዳ የተመለሰው ጥምቀት የሚባል ባለቤት ስላለው ነው ብዬ አምናለሁ። የጠያቂያችን ሜዳ ግን ታቦት አያድርበትም፤ ለእርሱ ማን ይጮኽለታል?

መናፈሻ ውስጥ ተከራይ

እዚህ የሚጻፈውን በአክብሮት እያነበብኩ ነው፤ ነገር ግን የሌላው ወገን ድምፅም ይሰማ። እኔ በአንድ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ካፌ ተከራይቼ ለ9 ዓመት ሠርቻለሁ። ከመግባቴ በፊት ቦታው የቆሻሻ መጣያ ነበር፤ ሴቶች በቀን እንኳ አያልፉበትም ነበር። ጥበቃ የቀጠርኩት፣ መጸዳጃ ቤቱን ያሠራሁት፣ ውኃ በቦቴ እያስመጣሁ ሣሩን ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ተቀብቶ ጠባቂ የሌለው ቦታ መናፈሻ አይሆንም። ዛሬ ሙሽሮች ለፎቶግራፍ የሚሄዱባቸው የከተማዋ ነባር መናፈሻዎችም የሚተርፉት ገቢ ስላላቸው ጭምር ነው።

ጥፋት የለም አልልም፤ ጥፋቱ ግን የተከራዩ ስግብግብነት ብቻ አይደለም። የእኔ ውል በየዓመቱ የሚታደስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ልውጣ ልቆይ ሳላውቅ ጥሩ ሕንፃ ልሠራ አልችልም፤ ስለዚህ ኮንቴይነር አምጥቼ አስቀመጥኩ። የተሰጠኝ ቦታ ወሰን በሜትር አልተጻፈም፤ «ካፌውና አካባቢው» ነው የሚለው። ደንበኛ ሲበዛ ወንበር ሣሩ ላይ አወጣሁ፣ ከዚያም ዣንጥላ ተከልኩ፣ ከዚያም ሳያዝዝ መቀመጥ የሚፈልገውን ሰው አስተናጋጆቼ ምን ላምጣልህ ይሉት ጀመር። ዛሬ ሳስበው፣ ምንም ሳይገዛ ሊቀመጥ የመጣው ሰው ቀስ በቀስ እንዲሸማቀቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ወሰኑ በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ባላደረግሁ ነበር። ስለዚህ ካፌን ከመናፈሻ አውጡ ከማለት ይልቅ ወሰኑን ጻፉ፣ የውሉን ዘመን አስረዝሙ፣ ግዴታውን ቁጠሩ እላለሁ።

የፕላን ባለሙያ

ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ። ብዙ ጥናት የማይነግረንን ነግረውናል። የተናገሩት ሁሉ በደንብ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው፤ ቁጥሮቹን ግን በሥራ ያየሁት ላይ ተመሥርቼ የማቀርባቸው የራሴ ሐሳቦች መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። ጣሪያ ያለው ማንኛውም ነገር ተደምሮ ከመናፈሻው ስፋት ከመቶ 5 ባይበልጥ፤ ሕንፃው ከአንድ ፎቅ በላይ ባይሆን፤ ወንበር የሚዘረጋበት ቦታ በውሉ አባሪ ካርታ ላይ በመስመር ቢከበብና ከዚያ ውጭ ያለው ሣር ምንም ለማይገዛው ሰው ቢጠበቅ፤ አጥር ካስፈለገ እይታን የሚያሳልፍ ቢሆን፤ መጸዳጃ ቤቱም ለደንበኛ ብቻ ሳይሆን ለሁሉ ክፍት ቢሆን፣ የተከራዩም የሰፈሩም ጥቅም አብሮ ይሄዳል። ለትናንሽ የሰፈር ሜዳዎች ግን ይህም አይሠራም፤ 3,000 ካሬ ሜትር በማይሞላ ሜዳ ላይ ምንም የንግድ ቤት ባይፈቀድ እመርጣለሁ። ከመቶ 5 ሲባል ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በር፣ መንገድ፣ የዕቃ ማራገፊያና የሰው ግፊት ሲጨመርበት ግን ትንሽ ሜዳን በሙሉ ይበላዋል።

ከብሮንክስ

ሰላም ለሁላችሁ። በኒው ዮርክ ብሮንክስ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ ልጆቼ ያደጉት በቫን ኮርትላንት ፓርክ ነው። እዚህ ያለው አሠራር ለውይይታችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

የሚገርመው፣ የኒው ዮርክ ከተማ የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም ክፍፍል) ደንብ የሕዝብ መናፈሻን ከዞን ሁሉ ውጭ ያደርገዋል። መኖሪያ ዞን፣ ንግድ ዞን፣ ፋብሪካ ዞን አለ፤ መናፈሻ ግን ካርታው ላይ መናፈሻ ተብሎ ብቻ ይጻፋል፣ የትኛውም ዞን የሕንፃ መብት አይሰጠውም። መናፈሻው ቢሸጥ ወይም በሌላ መንገድ ከመናፈሻ ኮሚሽነሩ እጅ ቢወጣ እንኳ፣ ለዚያ መሬት አዲስ ዞን በማሻሻያ እስኪጸድቅ ድረስ የግንባታ ፈቃድ አይሰጥም፤ ሌላ አገልግሎትም አይፈቀድም። ይህ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ሆኖም መናፈሻን ወስዶ ወዲያው መገንባት የሚፈልገውን ሰው ከነገሩ ሁሉ ጥቅም ያሳጣዋል።

ከዚያ በላይ ደግሞ ከከተማው ሥልጣን ውጭ የሆነ ሌላ ቁልፍ አለ። በግዛቱ የፍርድ ቤቶች ልማድ መሠረት ለመናፈሻ የተሰጠ መሬት የሕዝብ አደራ ነው፤ ከተማው ለሌላ አገልግሎት ላውለው ቢል የግዛቱን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። የእኛ መናፈሻ ለዚህ ትልቅ ምሳሌ ሆኗል። ከተማው ከክሮተን የሚመጣውን የመጠጥ ውኃ የሚያጣራ ጣቢያ በመናፈሻው መሬት ሥር ለመገንባት ወሰነ። ጣቢያው ከመሬት በታች ስለሚሆንና ሲያልቅ ላዩ እንደገና መናፈሻ ስለሚሆን የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ግን፣ ለዓመታት በግንባታ መዘጋቱና መሬቱ ለሌላ ዓላማ መዋሉ በራሱ መናፈሻነቱን መውሰድ ነው ብሎ ፈቃድ ያስፈልጋል ሲል ወሰነ። ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተሰጠ፤ በምትኩ ከተማው ለብሮንክስ መናፈሻዎች ማሻሻያ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማውጣት ቃል ገባ። ጣቢያው ተገንብቷል፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ አሸነፈ አልልም። ነገር ግን የተወሰደው ነገር ዋጋ እንዳለው ተቆጥሮ፣ በአደባባይ ተመዝኖ ነው የተወሰደው። በጠያቂያችን ሜዳ ላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ሲሶው ሲወሰድ የተመዘነ ነገር የለም።

ከነታንያ

ከእስራኤል አጭር ነገር ልጨምር። እዚህ በዝርዝር ፕላን ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ «ሻጻፕ» ተብሎ ይታወቃል፤ የምንኖርበት ሰፈር ሁሉ የራሱ አለው፣ ሰውም ቃሉን በዕለት ንግግሩ ይጠቀምበታል። በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት ፕላን ሲለወጥ ረቂቁ ለሕዝብ ይቀመጣል፤ ማስታወቂያው በጋዜጣና በቦታው ላይ ይወጣል፤ ተጎዳሁ የሚል ሰውም በ60 ቀናት ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቀርባል። እናቴ ዕብራይስጥ በደንብ ባታነብም፣ ሰፈራችን ያለው መናፈሻ ጫፍ ላይ ማስታወቂያ ተተክሎ ስታይ ጎረቤት ጠርታ አስነበበች። ማስታወቂያው በቦታው ላይ ባይተከል ኖሮ ስለ ጉዳዩ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

የኮንዶሚኒየም እናት

ስለ ትልልቅ መናፈሻዎች ሲወራ ልቤ ይደሰታል፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ልጆቼን ይዤ ሄጄ ደስ ብሎን ተመልሰናል። ነገር ግን እንጦጦ የምንሄደው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ ታክሲው፣ ምግቡ፣ ቀኑ ተደምሮ ለአራት ሰው ቀላል አይደለም። ልጅ ደግሞ መጫወት የሚፈልገው ዛሬ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ፣ እናቱ ወጥ እየሠራች በመስኮት እያየችው ነው።

እኛ የምንኖርበት ግቢ ሲሰጠን በሕንፃዎቹ መካከል የሕፃናት መጫወቻ ተብሎ የተተወ ቦታ ነበረ። መኪና ያላቸው ነዋሪዎች ሲበዙ ቦታው ቀስ በቀስ መኪና ማቆሚያ ሆነ፤ ያዘዘ የለም፣ የከለከለም የለም። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያው የሁላችንም ስለሆነ፣ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጉዳዩን አነሣሁ። ከረጅም ክርክር በኋላ ግማሹ ተመልሷል፤ በመካከሉም የአበባ ማስቀመጫ ድንጋይ ደርድረን መኪና እንዳይገባ አድርገናል። ሁለተኛው ልጄ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ሌላም ነገር አስተውያለሁ፦ መጫወቻ ቦታ አለ ከማለት በፊት ወደ እርሱ የሚያደርስ መንገድ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመሬት አጠቃቀም ደንብ ሲጻፍ የሄክታር ድምር ብቻ ከተቆጠረ፣ ከከተማ ዳር ያለ አንድ ደን የመቶ ሰፈር መጫወቻ ተደርጎ ይታሰባል። ሰፈር በሰፈር፣ በእግር ጉዞ ደቂቃ ይቆጠር እላለሁ።

የፕላን ባለሙያ

እህቴ፣ ትክክል ብለዋል። በፕላናችን ውስጥ ታዋቂ የሆነው ክፍፍል 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታዎች፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ብቻውን ከ700 ሄክታር በላይ ነው። ለከተማዋ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም እርስዎ ባሉት መንገድ ካልተቆጠረ በስተቀር 30 በመቶው ሞልቶም መርካቶ አጠገብ ያለ ልጅ የሚጫወትበት ላይኖረው ይችላል።

ሕግና መሬት

ክርክሩን በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። በመሬት ጉዳዮች ላይ የምሠራ የሕግ ባለሙያ እንደመሆኔ ጠያቂያችን በእጃቸው ሊይዙት የሚገባውን ልንገራቸው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ የመመከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝባዊ ውይይት እንዲደረግ ያዛል። በከተማው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 መሠረት የከተማውን መሪ ፕላን የማጽደቅ ሥልጣን የምክር ቤቱ ነው። ከእነዚህ ተነሥቼ የምደርስበት መደምደሚያ፣ በምክር ቤት የጸደቀ የመሬት አጠቃቀም በአንድ ጽሕፈት ቤት የቃል መልስ ሊለወጥ አይገባም የሚል ነው።

ነገር ግን ከሁሉ በላይ ክፍተት ሆኖ ያገኘሁት ሌላ ነው። ለመኖሪያ ቤት ካርታ አለን፣ ለሱቅ ካርታ አለን፣ ለፋብሪካ ካርታ አለን። የሰፈር ሜዳ ካርታ አይተን እናውቃለን? የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ መለያ ኮድ ተሰጥቶት፣ መብት ብቻ ሳይሆን ክልከላና ኃላፊነትም አብሮ የሚመዘገብበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ሜዳው የራሱ ወሰን፣ የራሱ መለያ ኮድና በስሙ የተመዘገበ ባለይዞታ ሲኖረው፣ «ከመጫወቻነት ውጭ አገልግሎት አይሰጥም» የሚለው ክልከላም በመዝገቡ ላይ ሲሰፍር፣ ማንም ሠራተኛ ያንን ፋይል ሳይከፍት አዲስ ውል ሊያዘጋጅበት አይችልም። ባለይዞታ የሌለው መሬት ግን ለሚያየው ሁሉ ባዶ መሬት ነው፤ ፕላኑ ላይ ምንም ያህል ቢደምቅም። የ10ኛው መሪ ፕላን የ10 ዓመት ዘመን ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቆጠር ወደ ማብቂያው ደርሷል። ቀጣዩ ፕላን ሲዘጋጅ የሕዝብ ውይይት የሚኖር ከሆነ፣ የየሰፈሩ ዕድር ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ቢቀርብ እወዳለሁ፦ አረንጓዴ የተባለው እያንዳንዱ ቦታ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ወይም በጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመዝገብ።

ለአሁኑ ግን ወንድሜ፣ በቃል መጠየቅዎን ይተዉ። ማመልከቻ ይጻፉ፣ በመዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ይያዙ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ የሜዳው የአጠቃቀም ኮድ፣ የሚመለከተው የማብራሪያ ጽሑፍ ገጽ፣ የተሰጠው የፕላን ስምምነት (ግንባታው ከፕላኑ ጋር እንደሚስማማ የሚያረጋግጠው ጽሑፍ) ቅጂ።

ሜዳው አጠገብ (ጥያቄ አቅራቢ)

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጥቻለሁ፤ ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በተባልኩት መሠረት በዕድሩ ስም ማመልከቻ ጻፍን፤ 140 አባወራና እማወራ ፈረሙበት፣ ገቢ አስደረግን። በሁለተኛው ቀጠሮ አንድ ወጣት ባለሙያ በትሕትና ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ፕላኑን ከፍቶ አሳየን። የፕላን ባለሙያው እንደጠረጠሩት ሜዳችን አንድ አረንጓዴ ሳይሆን ሁለት አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ከመንገዱ በኩል ያለው ክፍል መጫወቻ ሜዳ ነው። የታጠረው የወንዙ በኩል ደግሞ የወንዝ ዳርቻ ሲሆን፣ በማብራሪያው ጽሑፍ ከዕፅዋትና ከእግረኛ መንገድ በስተቀር ቋሚ ግንባታ አይፈቀድበትም። ካፌው ሊፈቀድ ይችል የነበረው በሌላኛው አረንጓዴ ላይ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ በዚያም ላይ ቢሆን በቅድመ ሁኔታ። የፕላን ስምምነቱ ቅጂ ግን እስካሁን አልተሰጠንም። የይዞታ መለያ ኮዱን ስንጠይቅም ለሁለቱም ክፍሎች የተመዘገበ ነገር እንደሌለ ተነግሮናል፤ ሕግና መሬት የጻፉት ቃል በቃል ደረሰብን።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ሌሊት ዘንቦ ወንዙ ሲሞላ ውኃው ከቆርቆሮው አጥር አልፎ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጠዋት የውኃው ምልክት ያረፈበትን ቦታ በሜትር ለክተን፣ ከነቀኑ ፎቶግራፍ አንሥተን ከማመልከቻው ጋር አያይዘናል። ግንባታው ለጊዜው ቆሟል፤ በዝናቡ ምክንያት ይሁን በማመልከቻው አላውቅም። ቆርቆሮው አሁንም እንደቆመ ነው።

የዕድሩ ጉባኤ የሜዳውን ይዞታ ምዝገባ በይፋ ለመጠየቅ ወስኗል፤ ለዚህም የወሰን ነጥቦቹ በትክክል ተለክተው መቅረብ አለባቸው። እኛ በሜትር ስንለካ በረጅሙ 88፣ በአጭሩ 52 ሜትር አግኝተናል፤ ይህ ግን በገመድና በልጆች እርዳታ የተገኘ ልኬት ስለሆነ ለመዝገብ አይበቃም። በቅየሳ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያችሁን ይዛችሁ ልትረዱን ፈቃደኛ የሆናችሁ ካላችሁ በዚህ መድረክ በግል መልእክት ጻፉልኝ። የትራንስፖርቱን ዕድሩ ይችላል፤ ቁርስም በእኛ ቤት ይሆናል።